ሕፃንን በአንድ መኝታ አቅፎ ስለ መተኛት

በአገራችን ገጠር ተወልዶ ያደገ ሰው የልጅነቱን ሌሊት ሲያስታውስ ከሁሉ አስቀድሞ ወደ ልቡናው የሚመጣለት የእናቱ ጎን ነው። ምድጃው ተዳፍኖ፥ ኩራዙ ጠፍቶ፥ ከብቶቹ በጋጣቸው ሲያመሰኩ፥ ሕፃኑ ከእናቱ ጋቢ ሥር ገብቶ ትንፋሿን እየሰማ ያንቀላፋል። አልጋ ያለው ቤት በአልጋ፥ አልጋ የሌለው በመደብ ላይ ጀንዲ አንጥፎ፥ ቤተ ሰቡ በአንድነት ያድራል። ለሕፃን የብቻ መኝታ ማዘጋጀት የሚባል ነገር ለአያቶቻችን ተነግሯቸው ቢሆን ኖሮ ልጁን ከቤት አውጥቶ እንደ መጣል በቈጠሩት ነበር።

ዛሬ ግን በጤና ጣቢያ የምትገላገል እናት ወደ ቤቷ ከመመለሷ በፊት ከአዋላጇ ሌላ ምክር ትሰማለች፤ ሕፃኑ ከእርስዋ ሳይርቅ በራሱ መኝታ ይተኛ ትባላለች። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ይህንኑ ከየሐኪም ቤቱ ይሰማሉ፤ ልጇን ልታርስ ከአገር ቤት የሄደችው አያት ደግሞ አይሆንም ትላለች። በዚህ ምክንያት በብዙ ቤት ውስጥ በአያትና በእናት፥ በልማድና በሕክምና መካከል ክርክር ይነሣል። ክርክሩ ተራ የቤት ጭቅጭቅ መስሎ ቢታይም በውስጡ ያለው የሕፃን ነፍስ ነውና ቤተ ሰብ ሁሉ በዕርጋታ ሊመረምረው ይገባል።

ይህ ክርክር ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር ወደ እኛም ቤት ገባ። የባለቤቴ ታናሽ እኅት የበኵር ልጇን በጤና ጣቢያ ተገላግላ በእናቷ ቤት አራስ ሆነች። አዋላጅዋ ነርስ ስታሰናብታት፥ «ሕፃኑን ከአጠገብሽ አታርቂው፤ ነገር ግን በራሱ መኝታ በጀርባው አስተኚው» ብላ መክራት ነበር። አማቴ ይህን በሰሙ ጊዜ ፊታቸው ተለወጠ። «እናቱ በሕይወት ሳለች ልጁ እንደ ሙት ልጅ ለብቻው ይደር? እኔ አምስት ልጅ በዚህ ክንዴ አሳድጌአለሁ፤ ያቺ ልጅ ገና ሳትወልድ ምን ታስተምረናለች?» አሉ። አራሷ በሁለቱ ቃል መካከል ተጨንቃ አለቀሰች። በመጨረሻም አማቴ ወደ እኔ ዞረው፥ «አንተ ዲያቆንም መምህርም ነህ፤ የቤተ ክርስቲያኑንም የዘመኑንም ትምህርት ታውቃለህና እስቲ ፍረድ» አሉኝ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንዲሉ፥ ሳላነብ እንደማልፈርድ ነገርኋቸው።

ቅዱሳት መጻሕፍት የሚያሳዩን

ራት ከተበላ በኋላ መጽሐፍ ቅዱስን አውጥቼ ስለዚህ ነገር የሚገኘውን ፈለግሁ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 11 ጌታችን በመንፈቀ ሌሊት እንጀራ ሊበደር ስለ መጣ ወዳጅ ምሳሌ ይነግረናል። በውስጥ ያለው ሰው ሊነሣ ያልወደደበትን ምክንያት ሲናገር፥ በሩ መዘጋቱንና ልጆቹም ከእርሱ ጋር በመኝታ መሆናቸውን ያወሳል። እንግዲህ በዚያን ዘመን በአይሁድ አገር ድኻው ቤተ ሰብ ልጆቹን ይዞ በአንድ መኝታ ያድር እንደ ነበረ ከዚህ እንረዳለን፤ ጌታችንም ይህን ሲናገር የነቀፋ ቃል አልጨመረበትም። በዚያው ወንጌል በምዕራፍ 2 ደግሞ ራሱ ጌታችን በተወለደ ጊዜ በጨርቅ ተጠቅልሎ በግርግም መተኛቱን እናነባለን። ግርግሙ የብቻው መኝታ ነበር፤ ነገር ግን ከእናቱ እጅና ከእናቱ ዓይን የራቀ አልነበረም።

ከዚህ በኋላ መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊን ገልጬ በምዕራፍ 3 የሚገኘውን የሰሎሞንን ፍርድ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁ። ሁላችንም ታሪኩን ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው የጥበብ ምሳሌ አድርገን ነው፤ ሰይፍ ተመዘዘ፥ እውነተኛዪቱ እናት ራራች፥ ንጉሡም ጠቢብ ተባለ። የክሱ መነሻ ምን እንደ ነበረ ግን ብዙ ጊዜ አናስተውለውም። መነሻው ይኸው የምንነጋገርበት ነገር ነው፤ አንዲት እናት ሌሊት ልጅዋን አቅፋ ሳለ ተኝታበት ሞተ የተባለበት ነገር ነው። ንጉሡ የፈረደው ሕያው ልጅ የማን እንደ ሆነ ነው፤ ልጅዋ በጎኗ ስለ ሞተባት ስለዚያች ሴት ቅጣት ግን መጽሐፉ አንድ ቃል እንኳ አይነግረንም።

አንብቤ ስጨርስ አማቴ ዝም አሉ። ሁልጊዜ ንባብ ሲያልቅ የሚሉትን ሳይሉ፥ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ስበው ቀድመውን ወደ መኝታቸው ሄዱ። በማግሥቱ ከቅዳሴ መልስ ብቻዬን ጠሩኝና ለገዛ ልጆቻቸው እንኳ ያልነገሩትን ነገሩኝ። ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ክርስትና ከተነሣ ገና አንድ ወር ያልሞላው ወንድ ልጃቸውን አንድ ቀን ንጋት ላይ በክንዳቸው ውስጥ ቀዝቅዞ አገኙት። የባላቸው እናት፥ «ተኝተሽበት ነው» አሏቸው። ጎረቤትም ያንኑ ደገመው። ለንስሓ አባታቸው ነግረው ቀኖናቸውን ፈጽመዋል፤ ተፈትተዋልም፤ ራሳቸውን ግን አልፈቱም። «ከዚያ በኋላ የወለድኋቸውን ሁሉ እጄን ደረታቸው ላይ አድርጌ ሳልተኛ ነው ያሳደግሁ። ልጁ ብቻውን ቢተኛ ትንፋሹ ሲጠፋ ማን ይሰማዋል?» አሉኝ። አዋላጅዋን የተቃወሙት ትዕቢት ይዟቸው እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። ይህን ታሪክ በዚህ መጽሔት እንድጽፈው የፈቀዱልኝም እርሳቸው ናቸው፤ እንደ እርሳቸው ያለች ሌላ እናት በየሰበካው ትኖራለችና።

በእርግጥ ተኝታበት ነውን?

ስለዚህ ነገር መርምረው የጻፉ ሐኪሞች ብዙ ናቸው። በቀድሞው ዘመን ሕፃን ከእናቱ ጎን ሞቶ ሲገኝ ተኝታበት ነው ከማለት በቀር ሌላ ምክንያት የሚፈልግ አልነበረም። በጣልያን አገር በፍሎረንስ ከተማ ለዚህ መከላከያ አርኩቾ የሚባል የእንጨት ቅስት ይሠሩ ነበር፤ ሕፃኑ በቅስቱ ሥር ይተኛል፤ አጥቢዪቱም ጡቷን የምትሰጥበት በጎኑ የተቈረጠ ክፍት ቦታ ነበረው። በ1892 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓ አቈጣጠር፥ በስኮትላንድ በዳንዲ ከተማ የፖሊስ ሐኪም የነበረው ቻርልስ ቴምፕልማን ታፍነው ሞቱ ስለ ተባሉ 258 ሕፃናት ጽፏል። ከእነዚህ ብዙዎቹ የሞቱት ደመወዝ ተከፍሎ መጠጥ በሚበዛበት በቅዳሜ ሌሊት እንደ ነበር አስተውሎ ስካርን፥ የቤትን ጥበትንና ቸልተኝነትን ከሰሰ። በ1908 ደግሞ እንግሊዝ ባወጣችው የልጆች ሕግ፥ ሰክሮ ከ3 ዓመት በታች ከሆነ ሕፃን ጋር ተኝቶ ያፈነ ሰው እንዲቀጣ ተደነገገ።

የዳንዲው ሐኪም ስለ መጠጥ የተናገረው እውነት ነው፤ እስከ ዛሬም አልተሻረም። ነገር ግን በኋለኛው ዘመን ለብቻቸው በሚገባ አልጋ የተኙ፥ ማንም ያልነካቸው ጤነኛ ሕፃናትም እንዲሁ ሌሊት ሳይታሰብ ሲሞቱ ታየ። ሬሳቸው ቢመረመር በሽታም ቊስልም አልተገኘበትም። በ1969 በአሜሪካ በሲያትል ከተማ የተሰበሰቡ ሊቃውንት ለዚህ ዓይነቱ ሞት የሕፃናት ድንገተኛ ሞት የሚል ስም አወጡለት። ይህ ሞት ከሁሉ ይልቅ የሚበዛው ከተወለዱ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ወር ባለው ጊዜ ሲሆን፥ ከ10ሩ 9ኙ የሚሆነው 6 ወር ሳይሞላ የሚደርስ ነው። በአንዳንድ ሕፃናት ዘንድ ትንፋሽ ሲያጥር ከእንቅልፍ የሚያነቃው የተፈጥሮ ኀይል ገና አልጠነከረም ብለው ሐኪሞች ያስባሉ። ቀስ ብሎ በልብስ መታፈንንና ይህን ሞት ሬሳውን በመመርመር ብቻ ለይቶ ማወቅ ለሐኪም እንኳ እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ይህንኑ ለአማቴ ነገርኋቸው። «በዚያች ሌሊት የሆነውን እግዚአብሔር ብቻ ያውቃል፤ የባለቤትዎ እናትም ጎረቤትም ሊያውቁ አይችሉም ነበር፤ ማንም የማያውቀውን ነገር እንደ ታወቀ አድርገው በእርስዎ ላይ ጫኑብዎ» አልኋቸው። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቈዩና፥ «ታዲያ ምን ብናደርግ ይሻላል?» አሉኝ። እኔም ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ክርክሩ አልቆ ትምህርቱ እንደ ተጀመረ ዐወቅሁ።

የሐኪሞች ምክርና ክርክራቸው

በዚህ ዘመን ከተገኘው እውቀት ሁሉ ብዙ ነፍስ ያዳነው አንድ ቀላል ነገር ነው፤ እርሱም ሕፃንን በጀርባው ማስተኛት ነው። ቀድሞ በብዙ አገር ሕፃን በሆዱ ቢተኛ ይሻላል ይባል ነበር። ከ1991 ጀምሮ በእንግሊዝ፥ ከ1994 ጀምሮ ደግሞ በአሜሪካ እናቶች ሁሉ ሕፃኑን በጀርባው እንዲያስተኙ በሰፊው ተሰበከ፤ በ10 ዓመት ውስጥም ድንገተኛው ሞት ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ሕፃኑ በጀርባው ከተኛ ትውከት ያንቀዋል የሚለው ፍርሃት ልክ አይደለም፤ የመተንፈሻው ቧንቧ ከመዋጫው በላይ ስለሚሆን ጤነኛ ሕፃን ይተፋዋል ወይም ይውጠዋል እንጂ አይታነቅም። በጎኑ ማስተኛትም ተገልብጦ በሆዱ ስለሚወድቅ አይመከርም።

በአንድ አልጋ መተኛትን በሚመለከት ግን ሐኪሞች ራሳቸው በሁለት ወገን ይከራከራሉ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2022 ባወጣው ምክር፥ ሕፃኑ ቢያንስ እስከ 6 ወር ከወላጆቹ ጋር በአንድ ክፍል፥ ነገር ግን በራሱ ጠንካራና ደልዳላ መኝታ ይተኛ ብሏል። በሌላው ወገን ጄምስ ማኬና የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ እናቶችንና ሕፃናትን በእንቅልፋቸው ጊዜ መርምሮ፥ ጡት የምታጠባ እናት ከልጅዋ ጋር ስትተኛ ፊቷን ወደ እርሱ እንደምታዞር፥ እንቅልፏ ቀላል እንደሚሆንና ሕፃኑም ሌሊት አብዝቶ እንደሚጠባ ገልጿል። በ2020 የጡት ማጥባት ሕክምና አካዳሚ ያወጣው መመሪያም እናቶችን በደፈናው ከመከልከል ይልቅ አደጋው የትኛው እንደ ሆነ ለይቶ ማስተማር ይሻላል ይላል። ልጅ በጡት እህል በጥቅምት የሚለው ያባቶቻችን ተረት እንደሚያስተምረን የጡት ነገር ቀላል አይደለምና ይህ ምክር ሊናቅ አይገባውም።

የጃፓን ሰዎች ደግሞ ከጥንት ጀምሮ በወለል ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ልጃቸውን በመካከል አድርገው ይተኛሉ። አባት፥ ልጅና እናት በተርታ ሲተኙ ወንዝ የሚለውን ቃል በሚጽፉበት ባለ ሦስት ሰረዝ ፊደል ይመስሉታል። በአገራቸው የሕፃናት ድንገተኛ ሞት ከብዙ አገሮች ያነሰ ነው፤ ሊቃውንቱም ከምክንያቶቹ መካከል ፍራሹ ጠንካራ መሆኑን፥ እናቶቹም በአብዛኛው ትንባሆ የማያጨሱ መሆናቸውን ይቈጥራሉ። እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ሕፃኑ የተኛበት ነገር፥ ከጎኑ ያለው ሰው ሁኔታና በላዩ ያለው ልብስ እጅግ የሚያስፈራ ልዩነት ያመጣሉ። በዚህ ነገር ሁለቱ ወገኖች ሁሉ አንድ ቃል ናቸው።

በቤታችን ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች

አንደኛ፥ መጠጥ ነው። ጠላ፥ ጠጅ ወይም አረቄ የጠጣ ሰው፥ እንዲሁም እንቅልፍ የሚያመጣ መድኀኒት የወሰደ ሰው ከሕፃን ጋር ፈጽሞ አይተኛ። ይልቁንም የክርስትናው ዕለት ማታ ያስፈራል፤ ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ፥ እናትና አባት ደክመው፥ ለደስታው ሲሉ አንድ ሁለት ዋንጫ ቀምሰው የሚተኙበት ሌሊት ነው። ልጁ የእግዚአብሔር ልጅ በሆነባት ቀን ሌሊቱን የሚጠብቀው ንቁ ሰው አስቀድሞ ይመረጥለት።

ሁለተኛ፥ ትንባሆ ነው። እናት በእርግዝናዋ ጊዜ ያጨሰች እንደ ሆነ፥ ወይም ከወላጆቹ አንዱ የሚያጨስ እንደ ሆነ፥ በአንድ አልጋ መተኛት አደጋውን እጅግ ያበዛዋል፤ ሲጋራው ከቤት ውጭ ቢጨስም እንኳ እንዲሁ ነው።

ሦስተኛ፥ ምንጣፉ ነው። በዘመናችን በየቤቱ የገባው የስፖንጅ ፍራሽ ሲያረጅ በመካከሉ ይጎደጕዳል፤ እናትና ሕፃን ወደ ጉድጓዱ ተንከባልለው ይገናኛሉ። በዚህ በኩል ያባቶቻችን መደብና ጀንዲ ከስፖንጁ ይሻላሉ። ጠጕሩ የበዛ አጎዛ ግን ለስላሳ ነውና ፊቱን ይቀብረዋል፤ ለሕፃን አይሆንም። በወንበር ወይም በሶፋ ላይ ተቀምጦ እያጠቡ ማንቀላፋት ከሁሉ የከፋ ነው፤ ሕፃኑ በእናቱና በመደገፊያው መካከል ይሰነቀራል። እናት እንቅልፍ እንደሚጥላት ካወቀች ከሶፋ ላይ ይልቅ በተስተካከለ መኝታ ላይ ብታጠባ ይሻላታል። አልጋው ከግድግዳ ጋር ክፍተት እንዳይኖረው፥ ሕፃኑም በትራስ ላይ እንዳይተኛ ያስፈልጋል።

አራተኛ፥ ልብሱ ነው። ብርድ ይመታዋል ብለን ቡልኮና ጋቢ ደራርበን እስከ ራሱ እንሸፍነዋለን፤ የሰው ዓይን ያየዋል ብለንም ፊቱን በነጠላ እንከድናለን። የተከደነ ሕፃን ያወጣውን እስትንፋስ መልሶ ይስበዋል፤ ንጹሕ አየርም ያጥረዋል፤ ሙቀትም ይበዛበታል። ከክፉ ዓይን የሚጠብቀው የእግዚአብሔር ረድኤት ነው እንጂ ጨርቅ አይደለም። ስለዚህ ራሱና ፊቱ ሁልጊዜ ይገለጥ፤ ብርድ ከሆነ ከላይ በሚደረብ ልብስ ፈንታ የሚለብሰው ይጨመርለት። ማተቡም በሌሊት እንዳያንቀው አጭርና ሲሳብ የሚበጠስ ቀጭን ክር ይሁን፤ ዶቃውና የብር መስቀሉ ለቀን ይቈይለት።

አምስተኛ፥ ታላላቅ ልጆች ናቸው። የ4 ወይም የ5 ዓመት ልጅ በእንቅልፉ የታናሹን መኖር አያውቅም፤ እጁን ጥሎበት ያድራል። ሕፃኑን በሌሎች ልጆች መካከል ማስተኛት አይገባም። ሳይደርስ የተወለደ ወይም ሲወለድ ከ2,500 ግራም በታች የመዘነ ሕፃንም፥ እንዲሁም ገና 4 ወር ያልሞላው ሁሉ አደጋው ይበዛበታልና በሌሊት የራሱ መኝታ ይሰናዳለት።

ስድስተኛ፥ ከሰል ነው። ይህ የአልጋ ነገር ባይሆንም በአራስ ቤት ሊረሳ የማይገባው ነው። አራስን ለማሞቅ ተብሎ የከሰል ምድጃ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሲያድር፥ ሽታና መልክ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዘኛ አየር ይወጣና ቤተ ሰብን በሙሉ በእንቅልፍ ላይ ይጨርሳል። ከመተኛት በፊት ምድጃው ወደ ውጭ ይውጣ። ፍሙ አመድ ለበሰ ብሎ መታመን አይገባም።

ይህን ሁሉ ያልን እናት ልጅዋን አትቀፍ ለማለት አይደለም። በ1978 በኮሎምቢያ አገር በቦጎታ ከተማ ሐኪሞች ክብደታቸው ያነሰ ጨቅሎችን በእናታቸው ደረት ላይ ገላ ለገላ አጣብቀው ማሳደግ ጀመሩ፤ ይህም ካንጋሮ በተባለው ልጁን በኪሱ በሚይዘው እንስሳ ተሰየመ። ፕሮፌሰር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው በአዲስ አበባ መርምረው በ2005 እንዳሳተሙት፥ በዚህ መንገድ ቶሎ የተያዙት ጨቅሎች በተለመደው መንገድ ከተያዙት ይልቅ ብዙዎቹ በሕይወት ተርፈዋል። የእናት ደረት መድኀኒት ነው፤ ነገር ግን እናቲቱ ስትነቃ ወይም ቀና ብላ ተደግፋ ሌላ ሰው ሲያያት ነው። ያቺው እናት ደክማ በከባድ እንቅልፍ ከወደቀች በኋላ ክንዷ መድኀኒትነቱን አያውቅም።

ሕፃኑ ካደገ በኋላ

የመጀመሪያው ዓመት ካለፈ በኋላ የሞቱ ፍርሃት በብዙ ይርቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጥያቄ የአስተዳደግ ነው። ልጅ በስንት ዓመቱ ከወላጆቹ መኝታ ይውጣ ለሚለው ለሁሉ የሚሆን ቊጥር የለም፤ የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነውና አንዱ በ3 ዓመቱ ይለምዳል፥ አንዱ እስከ 6 ይቈያል። ሆኖም ቅዱስ ጳውሎስ በዕብራውያን መልእክቱ በምዕራፍ 13 የባልና የሚስት መኝታ ንጹሕ ይሆን ዘንድ አዝዟልና፥ ልጅ ነገርን መለየት ሲጀምር የወላጆቹ መኝታ ከእርሱ ሊለይ ይገባል። አንድ ክፍል ብቻ ያለው ቤተ ሰብም ቢሆን በመካከል መጋረጃ ሊዘረጋ፥ ለልጁም የብቻ ምንጣፍ ሊያነጥፍለት ይችላል።

እኔ ራሴ ከእናቴ ጎን የወጣሁት በአንድ ቀን ነው። በ8 ዓመቴ ለቆሎ ተማሪነት በሄድሁ ጊዜ የመጀመሪያዋን ሌሊት በጎጆ ውስጥ በሣር ላይ ደበሎዬን ለብሼ ተኛሁ፤ እስኪነጋም አልቅሼ ነበር። አንድ ታላቅ ተማሪ ድምፄን ሰምቶ ምንም ሳይናገር ደበሎውን ይዞ መጣና ከጎኔ ተኛ። ከዚያ ወዲህ ባስተማርሁባቸው ዓመታት ሁሉ፥ ልጅ ከመኝታ የሚለየው በድንገት፥ በቊጣ ወይም ጅብ ይበላሃል በሚል ማስፈራራት እንዳይሆን ለወላጆች እመክራለሁ። ታናሽ ሲወለድበት በዚያው ሳምንት ከእናቱ ጎን የተባረረ ልጅ፥ ወንድሙን ቦታዬን ወሰደብኝ ብሎ ይጠላዋል፤ ስለዚህ ልደቱ ከመድረሱ ከወራት በፊት ሊለመድ ይገባዋል። መጀመሪያ ምንጣፉን ከእናቱ መኝታ አጠገብ፥ ቀጥሎም ትንሽ ራቅ ማድረግ፥ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ማስተኛት፥ አባቱ ወይም እናቱ በአጠገቡ ሆነው አቡነ ዘበሰማያት ደግመው በመስቀል ምልክት ቢያማትቡበት ሌሊቱ አያስፈራውም። መኝታውን ያረጠበ እንደ ሆነ አይገረፍ፤ ይህ የሰውነቱ አለመጠንከር ነው እንጂ ኀጢአት አይደለም። ቢታመም ወይም ክፉ ሕልም አይቶ ቢመጣ ለዚያች ሌሊት ይቀበሉት፤ ነግቶ በማግሥቱ ወደ ቦታው ይመለሳል።

በእኛ ቤት የሆነው

በመጨረሻ አማቴ ራሳቸው ፍርዱን ሰጡ። ከአንድ አናጢ ዘንድ አራት ማዕዘን፥ ጎኑ ዝቅ ያለ የእንጨት መኝታ አሠሩና ከአራሷ አልጋ ጋር ትይዩ አድርገው አስጠጉት። በላዩ ጠንካራ ምንጣፍ ተነጥፎ አንሶላው ተወጥሮ ታሰረ፤ ትራስም ቡልኮም አልተደረገበትም። ሕፃኑ ሌሊት ሲያለቅስ እናቱ እጇን ዘርግታ ታነሣዋለች፤ አጥብታ ስትጨርስ በጀርባው ትመልሰዋለች። አዋላጅዋም በ7ኛው ቀን ልትጠይቅ መጥታ መኝታውን ባየች ጊዜ ከጤና ጣቢያ የሚበልጥ ሆነ ብላ ተደሰተች፤ አማቴም ቡና አፍልተው፥ «የኔ ልጅ» ብለው አጠገባቸው አስቀመጧት።

ልጁ በ40ኛው ቀን ተጠመቀ። በዚያች ማታ እንግዶች ከሄዱ በኋላ አማቴ ከጠላው አልቀመሱም ነበርና፥ «ዛሬ ጠባቂው እኔ ነኝ» ብለው ከመኝታው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ሌሊት ተነሥቼ ባይ እጃቸውን ዘርግተው ደረቱ ላይ አድርገው ነበር፤ ሕፃኑም ፊቱ ተገልጦ፥ በጀርባው ተንጋልሎ፥ በሰላም ይተነፍስ ነበር።

እንግዲህ የተወደዳችሁ አንባቢዎች ሆይ፥ በየቤታችሁ ይህ ክርክር ሲነሣ አያትን በአላዋቂነት፥ አዋላጅንም በልጅነት አትናቁ። አንዲቱ ፍቅርን፥ ሁለተኛዪቱ እውቀትን ይዛ መጥታለችና ሕፃኑ ሁለቱንም ይፈልጋል። በጎረቤታችሁ ሕፃን የሞተባት እናት ብትኖር ደግሞ ያላያችሁትን አትፍረዱባት። እንቅልፍ የማያንቀላፋ የእስራኤል ጠባቂ ሕፃናቶቻችንን በሌሊት ይጠብቅልን፤ ያዘኑትንም እናቶች ያጽናናልን። አሜን።